ያልጠበቀው ቡሎን

መኪና በሚሸጥና በሚጠግን አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ የጥገና ክፍል አለቃ ነበሩ። ሞተር ሲነሣ ሰምተው ብቻ ሕመሙን ስለሚያውቁ፣ ሠራተኞቹ «እጀ ወርቅ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ስሙን አይጠሉትም። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ኖሮ፣ ሊያስገፍፉ አንድ ማለዳ ሆስፒታል ገብተው አልጋ ላይ ተጋድመዋል።

አንዲት ነርስ መጥታ ሙሉ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ቆየት ብላ ደግማ ጠየቀች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ ስሜ ከጠዋት ወዲህ አልተለወጠም። ወረቀቱን አታነቢም?»

«አነባለሁ አባቴ፤ ግን ከእርስዎ አፍም መስማት አለብኝ። ሞራው የሚገፈፍለት የትኛው ዓይንዎ ነው?»

«ቀኙ ነዋ!»

እጇ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «እዚህ የተጻፈው ግራ ነው» አለች በቀስታ።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ዓይናቸውን በመብራት አየ፣ የመጀመሪያውን ካርድ አገላብጦ አመሳከረ። ስሕተቱ የተፈጠረው ከካርዱ ወደ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነበር። አርሞ ፈረመና ከቀኝ ቅንድባቸው በላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። እጀ ወርቅ ምልክቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ኩራት ግን ቶሎ አይሞትምና፦

«አየሽ! ሊያጠፋኝ የነበረው ይኸው ወረቀታችሁ ነው» አሉ። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ይዤ መኪና ጠግኜ አላውቅም። እጄ ያውቃል።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

የድርጅቱን ስም ሲነግሯት ፊቷ ተለወጠ። የዓይን ጠብታውን አስቀምጣ ወንበር ሳበች።

«ከአራት ወር በፊት ነጭ መኪናዬን ለፍሬን እናንተ ዘንድ አስገብቼ ነበር» አለች። «ተሠርቷል ተብሎ ተረከብኩ። በማግሥቱ ፍሬኑ ስረግጠው መስመጥ ጀመረ፤ መለስኩት። ግማሽ ቀን አስቀምጠው ‹ታይቷል፣ ምንም የለውም› አሉኝ። በሦስተኛው ቀን እናቴን ይዤ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ ጨርሶ ከዳኝ። ከግንብ ጋር አጋጨሁት። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ዛሬም በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሌላ ጋራዥ ሲያየው፣ ከፍሬኑ ዘይት አየር የሚወጣበት ቡሎን አልጠበቀም ነበር፤ ዘይቱ በዚያ በኩል ፈስሶ አልቋል። ለድርጅቱ ባመለክት ‹ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር› አሉኝ።»

አለቃው ከትራሳቸው ቀና አሉ። «የሚሠራ እጅ ይሳሳታል ልጄ። ወረቀት ምን ይጨምራል? ሥራ ያጓትታል። ሠራተኛውም ያልታመነ ይመስለዋል።»

«እኛም ዘንድ እንዲህ ይባል ነበር። በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ፋሻ ይቆጠር ሲባል፣ ‹ተማሪ አደረጋችሁን› ብለው የተቆጡ አንጋፋ ሐኪም ነበሩ። አንድ ቀን ቆጠራው ጎደለ። ፋሻው አንዲት እናት ሆድ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ለመቁጠር የሚቀድማቸው ጠፋ። አባቴ፣ ወረቀቱንም የሚጽፈው ሰው ነው፤ ዛሬም ተሳስቶ አገኘነው። ዓይንዎን ያተረፈው አንዱ የሌላውን ሥራ ማየቱ ነው። ያን ቡሎን የረሳውም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። መሐል ላይ ሰው ጠርቶት ይሆናል።»

ይህን ጊዜ እጀ ወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከጉብዝናቸው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ እውነቱን ከአፋቸው ማውጣት ከባድ ሆነባቸው። ዝም ብለው ቢያልፉት የሚያውቅባቸው አልነበረም።

«ሲስተር» አሉ በመጨረሻ፣ «ያ ቡሎን የእኔ ነው። በእጄ አስገብቼው በመፍቻ ሳላጠብቀው አንድ የቆየ ደንበኛ ጠራኝ። ስመለስ ጎማው ተገጥሟል። እኔ ገጣሚው ያጠበቀው መሰለኝ፤ ገጣሚው ደግሞ እኔ ያጠበቅሁት መሰለው። ስትመልሽውም ከእኔ እጅ የወጣ ነው ብዬ፣ ጎማውን ሳላስፈታ ‹ምንም የለውም› ያልኩት እኔው ነኝ።»

ነርሷ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ጠብታውን አነሣች።

«ወደ ላይ ይመልከቱ» አለች። «ለእናቴ ግን ራስዎ ይነግሯታል።»

ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ ስማቸውን ሳይሸሽጉ ጥፋታቸውን ተናገሩ። ድርጅቱም ጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያምንና የእናትየዋን ሕክምና እንዲከፍል ሥራ አስኪያጁን ተከራከሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ያጠበቀውን ሌላው ሳያይና ሁለቱም ሳይፈርሙ መኪና አይወጣም። ቅሬታ ያለው ደንበኛ ሲመጣም ከጠጋኙ ጋር አብሮ ይነዳል። መጀመሪያ ሠራተኛው አጉረመረመ። ውሎ አድሮ ግን ተመልሰው የሚመጡ መኪኖች ቀነሱ፤ በሌላው ጥፋት የሚወቀስ ጠፋ፤ ደንበኛም ተጠራጥሮ ሳይሆን ተማምኖ ቁልፉን ይቀበል ጀመር። ጥንቃቄ ሥራን ያዘገያል የሚል ሰው፣ ሥራ ሁለት ጊዜ ሲሠራ የሚፈጀውን ጊዜ ያልቆጠረ ነው።

ወደ እናትየዋ ቤት ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ፣ ፋሻው ከዓይናቸው በተነሣ በማግሥቱ ሄደው ነበር። አሮጊቷ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

«ይህ ዳሌዬን አይመልሰውም» አሉ።

«አይመልሰውም እናቴ።»

«ታውቃለህ። ደግ» አሉ አሮጊቷ፣ ምርኩዛቸውን ወደ ጎን አድርገው መቀመጫ እየለቀቁላቸው። «እንግዲህ ተቀመጥ። ከዛሬ ወዲያ ቡሎኑን አጥብቅ፤ ሰውንም ጠብቅ።»