አጀንዳ ውስጥ የገባው የአባዬ መብሻ

— ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ መሓሪ? ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው፣ ጮክ በል እስቲ... አዎ፣ እጸገነት ነኝ። ማን ሊያነሳልህ ነበር፣ ሙሽራዋ? ሉሊማ ፀጉሯን ጠቅልላ ከመስተዋት ፊት አልነሳም ብላለች።

— ደህና ነን። ደህና ነን ልበልህ እንጂ ቤቱ ተገልብጧል። የሰርጉ ጥሪ ካርድ ጠዋት ከማተሚያ ቤት መጣ... አዎ፣ አምሮበታል፣ የወርቅ ጠርዝ አድርገውለታል። ግን አንድም አልወጣም። ሰርጉ እሁድ ሳምንት ነው፣ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ያየናል፣ እኛም እናየዋለን።

— ለምን ይመስልሃል? አባዬ መብሻዬ ጠፋ ብሎ ነዋ። የትኬት መብሻው። እኔ ሳልበሳው አንድም ካርድ ከዚህ ቤት አይወጣም ብሎ... ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— እሺ፣ አንተስ ለምን ነበር የደወልከው?... የምን ዘይት?... የስፌት መኪናው ዘይት? አባዬ የት እንደሚያስቀምጠው እኔ በምን አውቃለሁ? ደግሞ ደምበል ካፌ ተቀምጠህ የስፌት መኪና ዘይት ምን ያደርግልሃል?... ምንህ ነው የተጣበቀው?

— ቆይ፣ ቆይ። ቀስ ብለህ ንገረኝ። ያ አጀንዳህ ነው?... እሺ፣ ኦርጋናይዘር። ስሙን አታስተካክልልኝ፣ የምትለው ገብቶኛል። በቀለበት የሚያዘው፣ ወረቀቱ የሚወጣውና የሚገባው። እሱ ላይ መብሻ አብሬ ገጠምኩበት ብለህ ሰሞኑን ጆሯችንን ስትበላ አልነበር?... ማለቴ፣ ሐሳቡማ ጥሩ ነው። ጥሩ ነው አልኩህ እኮ። የቢሮ ፐንቸር ሁለት ቀዳዳ ነው የሚበሳው፣ የዚህ ቀለበት ደግሞ ስድስት ነው። ስብሰባ ላይ የሚያድሉህን ወረቀት የትም አታስገባውም፣ መሐል ላይ ታጭቀዋለህ፣ ስትከፍተው ጉልበትህ ላይ ይበተናል። እኔም ቢሮ ደርሶብኛል። እንዲያውም አይዞህ ግፋበት ያልኩህ እኔ ነኝ። መብሻውን ከየት አመጣኸው ብዬ ግን አልጠየቅኩህም።

— አሁን እየጠየቅኩህ ነው።

— መሓሪ።

— ከገበያ?... ከየትኛው ሱቅ?... የሱቅ ስም ለመናገር ይሄን ያህል ይታሰባል እንዴ? ቆይ፣ እዚህ ስልኩ ሥር የተውከው ወረቀት አለ። ትናንት ስትሞክርበት ያመሸኸው። ላንሳው...

— ስድስቱም የስንዴ ፍሬ ነው።

— ክብ ነው አትበለኝ፣ ዓይን አለኝ። ጫፍና ጫፉ ሹል፣ መሐሉ ወፈር ያለ። የስንዴ ፍሬ። ከዚህ እስከ ድሬዳዋ በባቡር የተሳፈረ ሰው ሁሉ በዚህ ቀዳዳ ነበር አባዬን የሚያውቀው። የኔ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ጥግ ላይ ያለው ምንድነው? ያንተስ? ውጤታችንን ይዘን በመጣን ቁጥር ከኪሱ አውጥቶ ቀጭ አድርጎ «አልፋችኋል፣ ተሳፈሩ» ይለን የነበረው በምን ነበር?

— ሳትጠይቀው ወሰድክ።... ላስገርመው ብዬ ነው? እንኳን ደስ ያለህ፣ አስገርመኸዋል።... ቆይ ግን፣ እንዴት አድርገህ ነው አጀንዳ ውስጥ የከተትከው? እሱ እኮ እንደ ፒንሳ ትልልቅ እጀታ አለው። አጀንዳው አይዘጋልህም።

— ምን?

— ድገመው እስቲ።

— አስቆረጥኩት... የት?... ተከስተ ቶርኖ ቤት። እሺ። መስቀል ፍላወር ድረስ ወስደህ፣ በብረት መጋዝ እጀታውን አስጥለህ፣ ጥርሱን ብቻ ከናስ ቁራጭ ጋር አስበየድክ። እጀታውስ?... እጀታው የት ነው ያለው መሓሪ?... ቶርኖ ቤቱ መሬት ላይ? ከብረት ፍቅፋቂው ጋር?

— አይ። አይ መሓሪ። እጀታው ላይ የአውራ ጣቱ ቦታ ነበር። ብረቱ ተበልቶ የጎደጎደው። ልጅ ሆነን ጣታችንን እየከተትን «የኔ ይሞላዋል፣ ያንተ አይሞላውም» የምንባባልበት። ያንን ቦታ በሞረድ የፋቀው ሰው የለም፣ ጣቱ ነው የሠራው። አንተ በአንድ ከሰዓት አስቆርጠህ ጣልከው።

— ዝጎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር? ዝገት የት አየህበት? እያወጣ ዘይት የሚቀባው ለምን ይመስልሃል? ጥርሱ እስከ ዛሬ የሚቆርጠው እሱ በዘይት ስላኖረው አይደለም? አንተ ጋ ሁለት ቀን ሳያድር ተጣበቀ። ይኸው ዘይት ፍለጋ ደወልክ።... አዎ፣ ባቡሩ ቆሟል። ባቡሩ እንደቆመ በለገሃር የሚያልፍ ሁሉ ያያል፣ አንተ አትነግረኝም። ባቡሩ ቆመ ማለት አባዬም ቆመ ማለት ነው? ሰውየው ጡረታ ስለወጣ ዕቃው የማንም ነው?

— አልጮህኩም... ሉሊ፣ ምንም አይደለም፣ መሓሪ ነው። ፀጉርሽን አድርቂ አንቺ፣ በር ዝጊ... እሷንም አስደነገጥናት።

— ምን ትላለህ? ማን ልትመጣ ነው?... የግዢ ኃላፊዋ፣ አጀንዳህን ለመሥሪያ ቤቷ ልትገዛ ያየችልህ። አሁን?... እና እሷ ፊት ሊሠራልህ ስላልቻለ ነው ላብ ያጠመቀህ። ጥሩ ነው።... ምኑን ወደደችው?... ቀዳዳውን? «ፊርማ ይመስላል» አለች? ይመስላል ሳይሆን ነው። የአባዬ ፊርማ ነው። የሰው ፊርማ ይዘህ ነው ደምበል የተቀመጥከው። ደግሞ ስድስቱንም አንድ በአንድ እየተጫንክ ነው የምትበሳው፣ አንድ ወረቀት እስክትጨርስ ስብሰባው ይበተናል።... ቀለደች አትበል፣ አልቀለድኩም። በጣም ነው የተናደድኩት።

— የኔን ሰርግ ረሳኸው? አባዬ ካርዱን በሙሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ አልበሳም? ሰዉ የሰርግ ካርድ ላይ ቀዳዳ ምንድነው፣ አይጥ ነው ወይ እያለ ሲስቅ? የባቡር ኮፍያውን አድርጎ ድንኳኑ በር ላይ ቆመና «ያልተበሳ አይሳፈርም» እያለ የባለቤቴን አጎት ካርድህን አምጣ ብሎ ከበር አልመለሰም? ዛሬም ሰው ሲያገኘኝ የሚያነሳልኝ ምግቡን አይደለም፣ ቀዳዳውን ነው። ሉሊ ደግሞ የመጨረሻ ልጁ ናት። ከሷ ሌላ የቀረኸው አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ በዚህ አያያዝህ የምታገባ አትመስለኝም።

— ከጠዋት ጀምሮ እየፈለገ ነው። መሳቢያውን ገለበጠ፣ የኮቱን ኪስ ሁሉ ገለበጠ፣ አሁን መኝታ ቤት ፍራሽ እያነሳ ነው። ቅድም ምን አለኝ መሰለህ? «ልጄ፣ መርሳት ጀመርኩ መሰለኝ» አለኝ። ሳቅ ብሎ ነው ያለው፣ ፊቱ ግን አልሳቀም።... ገባህ? የገዛ ጭንቅላቱን ነው የጠረጠረው። አንተን አይደለም። ልጄ ወስዶት ይሆናል ብሎ በሐሳቡም አልመጣበት።

— ይቅርታውን ለኔ አታድርገው። እኔ ምኔ ተወሰደ?... ኋላ ሌላ እገዛለታለሁ? ከየት ነው የምትገዛው፣ ከዚያች ስሟ ከጠፋብህ ሱቅ?

— ዝም በል፣ ዝም በል፣ መጣ... አቤት አባዬ?... መሓሪ ነው። ሰላም ይልሃል... አይ፣ ስለ... ስለ ሥራው ነው የምናወራው። አልጋው ሥርም የለም?... ቆይ፣ ስልኩን ልጨርስና አብረን እንፈልጋለን። ተቀመጥ በናትህ፣ ደክሞሃል። ሉሊ፣ ለአባዬ ውሃ አምጪለት።

— ሰማህ? ዋሸሁት። በዚህ ዕድሜዬ ባንተ ምክንያት አባቴን ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁ።... ቀስ ብዬ ነው የማወራው፣ እዚሁ አጠገቤ ነው። በቃ አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ያንን አጀንዳ ይዘህ... ምን አባዬ?... እሱ? እሱ ዝም ብሎ ወረቀት ነው። የመሓሪ ነው፣ ተወው... መነጽርህማ ደረት ኪስህ ውስጥ ነው።

— መሓሪ። ወረቀቱን አነሳው።... ያንን ወረቀት ነዋ። ስልኩ አጠገብ መልሼ አስቀምጬው... ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ብርሃን ላይ አድርጎ እያየው ነው።

— ቀዳዳውን በጣቱ እየዳበሰ ነው።

— እኔ ምን ልበለው? አንተ መጥተህ ንገረው።

— ተቀመጠ። ጠረጴዛው ጋ፣ ካርዱ ፊት። እስክሪብቶ አነሳ... አላውቅም፣ እየጻፈ ነው። አንድ ካርድ ስቦ እየጻፈበት ነው። ቆይ ልይ፣ የስልኩ ገመድ አይደርስም... አባዬ፣ ለማን ነው? ገና አልበሳነውም እኮ...

— ...

— ሄሎ። አለሁ። አለሁ፣ ቆይ ትንሽ።

— «ለአቶ መሓሪ ካሕሳይ።» እንደዚያ ነው የጻፈው። አቶ ብሎ። ከሥሩ የታተመውን ታውቀዋለህ... «ከነቤተሰብዎ።»

— በማርያም። ለምን እቀልድብሃለሁ? ጠረጴዛው ላይ አቁሞታል፣ ፊቱን ወደኔ ወደ ስልኩ አዙሮ። በገዛ እህትህ ሰርግ ጥሪ ካርድ ደረሰህ። ካርድ የሚሰጠው ለጎረቤት ነው፣ ለቢሮ ሰው ነው፣ ለእንግዳ ነው። የዚህ ቤት ልጅ ካርድ ተሰጥቶት ያውቃል? በር ላይ ከሱ ጎን ቆመህ እንግዳ ልትቀበል የነበርከው አንተ አይደለህም?... ከነቤተሰብዎ ማለት የትኛውን ቤተሰብ ይዘህ ልትመጣ ነው መሓሪ? እኛ እኮ ካርዱን በሚልከው በኩል ነን።

— ሄሎ?... መሓሪ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— ምንድነው የሚንኳኳው? ደረጃ ላይ ነህ?... ሴትዮዋስ?... ሳታያት ወረድክ? ደህና አደረግክ። ከወደደችው ነገም ትወደዋለች።

— ቆይ፣ አባዬ እየተናገረ ነው... ምን አልክ አባዬ?... መሓሪ፣ የሚጠይቅህ፣ ቀዳዳው ጥርት ብሎ ነው ወይ የሚወጣው ነው የሚለው። ጠርዙን አይቀድም ወይ ነው።... አባዬ፣ ይጣበቅበታል። ዘይት ፈልጎ ነው የደወለው። መብሻህን... እሱ ነው የወሰደው። አጀንዳ ላይ አስገጥሞታል።... አዎ። ቆርጦ።

— ...

— ሰማኸው?... በትግርኛ ነው የተናገረው፣ ነገር ልቡ ሲገባ እንደሚያደርገው። «እንግዲያው አልረሳሁም» አለ። «አልረሳሁም ማለት ነው» ብሎ ውሃውን ጠጣ።... ደግሞ ዘይቱ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው ይልሃል። ድሮም እዚያው ነው ይልሃል።

— አታመስግነኝ። እኔ አልተውኩልህም። እሱ አልረሳሁም ብሎ እፎይ አለ፣ ባንተ የሚናደደውን ንዴት እኔ እናደድለታለሁ፣ እስከ ሰርጉ ድረስ ይበቃኛል። ካርዶቹን በሙሉ የምትበሳው አንተ ነህ። በዚያው በአጀንዳህ፣ አንድ በአንድ፣ እሱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እያየህ።... አይ፣ እሱ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። መጀመሪያ የምትበሳው ደግሞ ስምህ ያለበትን ነው። እኔ አልቀደውም፣ ሉሊም አታነሳውም፣ ቆሞ ይጠብቅሃል።

— ታክሲ ያዝክ?... ቆይ፣ ወያላው የሚጠራው መስቀል ፍላወር አይደል እንዴ? የምትመጣው ካዛንቺስ ነው እኮ፣ ወዴት ልትጠፋ ነው?

— ...

— ለእጀታው?

— እሺ። ለእጀታው ከሆነ ሂድ። ተከስተ ጠርጎ ሳይጥለው ድረስበት። መሬት ላይ ያለ ብረት ሁሉ ይመሳሰላል፣ የሌላ ሰው ዕቃ አንስተህ እንዳትመጣ። አውራ ጣትህን ክተትበት፣ ታውቀዋለህ።... በል፣ ዝጋ። ካርድህ አልተበሳም።