በስንት አሸነፉ?

በወላይታ፣ ተበላ በምትባል ከተማ ዳር ያለው ዕድር መቶ ሃምሳ ሁለት ቤተሰቦች ነበሩት። አንድ ሰፊ ድንኳን፣ አንድ መጋዘን ሙሉ ሳህንና ብረት ድስት ነበረው። ዳኛው አቶ ኤርሳዶ ዕድሩን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት መርተዋል። ምርጫው በየሁለት ዓመቱ ሲደርስ እሳቸው ከፊት ቆመው «የምትደግፉኝ እጅ አውጡ» ይላሉ፤ እጅ ይወጣል፤ ጸሐፊው ዓይኑን ከዳር እስከ ዳር ወርወር አድርጎ «በአብላጫ ድምፅ ተመርጠዋል» ይላል። በመጨረሻው ምርጫ ግን ከታችኛው መንደር መምህር አሮን የሚባል ሰው ተወዳደራቸው። ጸሐፊው እንደ ወትሮው «በአብላጫ» አለ። የታችኛው መንደር አርባ ሦስት ቤተሰቦች መዋጮ አቆሙ፤ የራሳቸውን ዕድር እንደሚያቋቁሙም አስወሩ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የአቶ ኤርሳዶ ታላቅ እህት ሲሞቱ ድንኳኑን የተከሉት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ አንዱ ሐዘንተኛው ወንድም ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ከሶዶ ወደ ተበላ የሚሄድ ሚኒባስ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፍለጋ ተበተነ። ፍሬሕይወት አንድ ግራር ሥር ስትቀመጥ፣ ባርኔጣቸውን እያራገቡ የመጡ ሽማግሌ አጠገቧ ዐረፍ አሉ። ፍሬሕይወት የሶዶ ልጅ ናት፤ የከተማው ነጋዴዎች በሚያዋጡት ገንዘብ በተቋቋመ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ሕዝብ በምርጫ ላይ ያለውን እምነት የሚያጠነክሩ ሐሳቦችን መርምሮ ድጋፍ መስጠት ነው፤ መከልከልም ጭምር።

«ከሶዶ ባዶ እጄን እየተመለስኩ ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይጠየቁ።

«ምን ገጠምዎት፣ አዋ?» አለች። በአገሩ ቋንቋ አባትን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«የዕድራችን ድንኳን ተቀዷል። ድርጅት አለ ሲሉኝ አመለከትኩ። ‹ድንኳን አንሰጥም፣ ለምርጫ እምነት ለሚሆን ሥራ ነው የምንሰጠው› ብለው መለሱኝ። እስቲ ፍረጂ፣ ምርጫ ዝናብ ይከለክላል?»

ፍሬሕይወት ማመልከቻውን አስታወሰችው። ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ደግ አልመሰላትም።

«አቶ ኤርሳዶ ነዎት ማለት ነው። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋትና ወደ ረዳቱ ጮኹ፦ «አንተ! ጎማውን ቶሎ በል እንጂ! ከከሳሼ ጋር አስቀምጠኸኝ!»

ረዳቱ ሳቀ። ፍሬሕይወትም ሳቀች። ሳቁ ነገሩን አለሰለሰው እንጂ አልጨረሰውም።

«ሥራችሁን አውቀዋለሁ» አሉ። «አዳራሽ ትከራያላችሁ፣ ባነር ትሰቅላላችሁ፣ የታሸገ ውሃ ታድላላችሁ። ሰዉ አበሉን ይፈርምና ይሄዳል። ምርጫው የት አለ?»

«ያንን ትተነዋል፣ አዋ። አበሉ አልቆ እምነቱ አልመጣም። አሁን ሰው ራሱ በሚመርጥበትና ራሱ በሚያይበት ቦታ ነው የምንደግፈው፤ በውሃ ኮሚቴ፣ በዕድር።»

«የእኔ ዕድር ይመርጣል። በግልጽ፣ በፀሐይ! ወረቀት ደብቆ መጨመር ለእኛ ነውር ነው። ፊቴን እያየ እጁን ለማውጣት የፈራ ሰው ነገ ሬሳዬን ይሸከማል?»

«እጁን ያወጣው ስለወደደዎት ይሁን ስላፈረዎት በምን ያውቃሉ?»

«ማፈርስ ምን ክፋት አለው? ሰው በመተፋፈር ነው አብሮ የሚኖር።»

ይህ የአቶ ኤርሳዶ ብቻ ሐሳብ አይደለም። ብዙዎቻችን መተፋፈርን ከመተማመን ጋር እናምታታለን። ሁለቱ በሰላም ቀን ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት ክርክር ሲነሳ ነው። የተማመነ ሰው ይጠይቃል፤ ያፈረ ሰው ዝም ይልና ይወጣል።

ፍሬሕይወት ሙግቱን ትታ ጥያቄ ያዘች። «እጁን የሚቆጥረው ማነው?»

«ጸሐፊው።»

«ከመካከል የተቀመጠ ሰው ምን ያያል?»

«ምን ያያል፣ የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነዋ!»

«እንግዲያው እናንተ ዘንድ መራጩ ይታያል፣ ቆጠራው አይታይም። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። መራጩ ይደበቅ፣ ቆጠራው ይታይ። በአገር ምርጫም ደንቡ ይኸው ነው፤ ድምፁ እዚያው ጣቢያው ይቆጠራል፣ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ሰው ግን ሄዶ ማየት አልለመደም። በዕድሩ ‹አሳዩኝ› ማለት የለመደ በጣቢያውም ይላል።»

«እኔ እኮ አሸንፌያለሁ!»

«በስንት አሸነፉ?»

አቶ ኤርሳዶ ባርኔጣውን ማራገባቸውን አቆሙ። ፍሬሕይወት ጥያቄዋ ያስቀየማቸው መሰላት።

«አላውቅም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እህቴን የቀበርኩ ዕለት ካስማ እየተከልኩ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። እውነት አሸንፌ ከሆነ እነዚህ ሰዎች በደሉኝ። ካላሸነፍኩ ደግሞ እኔ በደልኳቸው። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ አሮንን እንዴት ልጥላው? እንዴትስ ልታረቀው?»

ድርጅቷ የሚፈልገው ነገር ሁሉ በዚህ ንግግር ውስጥ እንዳለ ፍሬሕይወት ተረዳች።

«ምርጫውን ድገሙት» አለች ቀስ ብላ። «እናግዛችኋለን። ግን ማመልከቻው የእርስዎንና የመምህር አሮንን ፊርማ አብሮ ይዞ ይምጣ። ለአንድ ወገን አንሰጥም።»

«እሱ ቤት ልሂድ? እኔ?»

«እርስዎ።»

«ድንኳን ብትሰጪኝ ይቀለኝ ነበር» አሉና ተነሱ። «ደግሞ ወረቀት እንዳታመጪብን። ግማሹ ሰው ፊደል አይለይም። በቆሎና ቦሎቄ ይበቃል። በቆሎው እኔ፣ ቦሎቄው አሮን።»

ፍሬሕይወት አሰበችበት። «ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ ይሰጠው። ከመጋረጃ ጀርባ የፈለገውን ወደ ምርጫው ሣጥን፣ የተረፈውን ወደ ሌላው ይጣል። በእጁ ምንም ይዞ እንዳይወጣ።»

«ሣጥኑ ውስጥ ጨርቅ ይነጠፍበት» አሉ ሽማግሌው። «በቆሎና ቦሎቄ ሲወድቁ ድምፃቸው ይለያያል።»

ይህን ፍሬሕይወት አላሰበችውም ነበር።

መምህር አሮን ሽማግሌውን በሩ ላይ ሲያያቸው «ጋሼ፣ መንገድ ተሳስተው ነው?» አላቸው። «ግባ በለኝ እንጂ፣ ባለጌ!» ብለው ገቡ። አሮን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ይቆጥራል?» ከሁለቱ መንደር ማንም ማንንም አላመነም። መጨረሻ ላይ ከሌላ ከተማ፣ ከገሱባ ዕድር አምስት ሰዎች እንዲመጡ ተስማሙ፤ በተበላ ዘመድም ባላጋራም የሌላቸው ሰዎች። ድርጅቱ የሰጠው የእነሱን ትራንስፖርትና ምሳ፣ ሁለቱን ሣጥኖችና መጋረጃውን ነው። ማመልከቻው ሁለት ፊርማ ይዞ ሶዶ ሲደርስ ፍሬሕይወት በዚያው ሳምንት አጸደቀችው።

በምርጫው ቀን ከመቶ ሃምሳ ሁለቱ ቤተሰቦች መቶ አርባ ሰባቱ ተወካይ ላኩ። ወይዘሮ ፈጠነች የሚባሉ አሮጊት ከመጋረጃው ሲወጡ «ሰው ሳያየኝ ስመርጥ የመጀመሪያዬ ነው፣ ደስ ይላል!» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ቆጠራው ሲደርስ የገሱባዎቹ ሸራ አነጠፉ። ሕዝቡ ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ቆመ፤ የፊተኛው ረድፍ መሬት ተቀመጠ። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ከሣጥኑ እያወጡ፣ በወላይትኛ ጮክ ብለው እየቆጠሩ፣ አሥር አሥር አድርገው ደረደሯቸው። ሕዝቡ አብሮ ይቆጥር ጀመር።

በቆሎ ሰባ አንድ። ቦሎቄ ሰባ ስድስት።

ዓይን ሁሉ ወደ አቶ ኤርሳዶ ዞረ። ፍሬሕይወት ከዳር ቆማ ትመለከት ነበር። ሽማግሌው ወደ ሸራው ሄደው ቁጢጥ አሉና የቦሎቄውን ረድፎች በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ተነሱ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሸከሙትን ያወረዱ ይመስሉ ነበር።

«ሰባ ስድስት ነው» አሉ። «በአምስት ተሸነፍኩ።» ወደ ፍሬሕይወት ዞሩ። «በስንት ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ፤ ይኸው አወቅሁት።» የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለአሮን ሰጡት። «እንካ። ድንኳኑ ተቀዷል፤ ከእንግዲህ ያንተ ራስ ምታት ነው።»

አሮን ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለና ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሳቸው ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። የሰዉ ሳቅና ጭብጨባ አንድ ላይ ፈነዳ።

ይህ ምርጫ ለዕድሩ ያስገኘው ጥቅም አዲስ ዳኛ ብቻ አይደለም። አሮን ቢሸነፍ ኖሮም ጥቅሙ ያው ነበር። አሸናፊው በሥልጣኑ ማንም እንዳይጠረጥረው ሆነ፤ ተሸናፊው ቂም የሚይዝበትን አጣ፤ ሌላው ሰው ደግሞ በሐሜት ፈንታ ቁጥር አገኘ። ጠብ በቁጥር ላይ ለረጅም ጊዜ አይቆምም፤ የሚያሰነብተው ጥርጣሬ ነው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም መንደር ሰዎች አገር አቀፍ ምርጫ ሲመጣ በየጣቢያቸው በር የሚለጠፈውን ውጤት ሄደው እንደሚያነቡ ተነጋግረዋል። ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብሎ የሚያነብላቸውም አቶ ኤርሳዶ እንዲሆኑ መርጠዋል፤ በእርግጥ በቦሎቄ።

ድንኳኑ እስካሁን አልተቀየረም፤ ቀዳዳው ብቻ ተሰፍቷል። በወሩ መጨረሻ ፍሬሕይወት ለድርጅቷ ሪፖርት ስታዘጋጅ ከወጡት አርባ ሦስት ቤተሰቦች አርባ አንዱ ተመልሰው መዋጮ ከፍለዋል። የቀሩት ሁለቱ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ሶዶ የሄዱ ናቸው።