ታላቅ ወንድሜና የባለቤታቸው ባለ ማሰሮ ተክል

በገዛ ሕይወቴ እምላለሁ፤ ዛሬ በመቃብራቸው ፊት ቆሜ ስለ ታላቅ ወንድሜ የማነበው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው።

ወንድሜ ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ሲወለዱ ለቅሷቸው የጎረቤቱን መስኮት ያረገፈ ሲሆን፣ ገና ዳዴ ሲሉ የመብራት ገመድ ስበው ሰፈሩን በሙሉ አጨልመዋል። ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥተው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆኑ በኋላም፣ ያገናኙትን ሽቦ ሳብ አድርገው ሳያዩ ማብሪያ ስለማይነኩ፣ እርሳቸው በሠሩት ቤት አንድም አምፖል ተቃጥሎ አያውቅም።

አንድ ቀን የችግኝ ጣቢያ መብራት ሊጠግኑ ሄደው፣ በቅጠሏ ጫፍ ማሰሮ አንጠልጥላ ዝንብ በምታጠምድ የሐሩር ተክል ውስጥ ጣታቸውን ቢከቱ፣ እዚያ ይሠሩ የነበሩት፣ በኋላ ባለቤታቸው የሆኑት ሴት፣ «አንተ ሰውዬ፣ አውጣ! ምሳዋን በልታለች!» አሏቸው። ጣታቸውን አውጥተው ልባቸውን እዚያው ትተው ተመለሱ።

ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸውም የተክሏን ግንድ እየቆረጡ፣ ቅጠሉን በግማሽ እየከረከሙ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር በላላ እርጥብ አፈር ተክለው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ እየሸፈኑ ያራቧት ነበር። ወንድሜ ግን ሥር መያዙን ለማወቅ እንደ ሽቦ ሳብ እያደረጉ ስንቱን ቁራጭ ገደሉት! «ኧረ ተወው! ሥር ዓይናፋር ነው፣ እያየኸው አይወጣም!» ይሏቸው ነበር ባለቤታቸው። ከእጃቸው ያመለጡት ማሰሮዎች ሰፍተው ሰፍተው፣ የሰፈሩ ትንኝ ሁሉ ለቅቆ ሌላ ቦታ ቤት ተከራየ።

ባለቤታቸው ባረፉበት ዓመት ተክሏም ከሥሯ በስብሳ አንዲት ደህና ጫፍ ብቻ ቀረች። ወንድሜ ያቺን ጫፍ ቆርጠው ተከሉ፤ የባለቤታቸው እጅ ካሳደገው የቀረ ሌላ ነገር አልነበረምና፣ የገዛ እጃቸውን ስላላመኑት የመታጠቢያ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እኔ ቤት ይታጠቡ ጀመር። ሳሙና ተቀብተው ሳለ «ይሄኔ ደርቆ ይሆን?» ሲሉኝ፣ «አርፈው ይታጠቡ፣ ወንድም ጋሼ!» እላቸዋለሁ። ቤታቸው ሲመለሱ ደግሞ፣ ባለቤታቸው ከውስጥ የሚመልሱላቸው ይመስል፣ የተቆለፈው በር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ይቆሙ ነበር።

በመጨረሻ በሩን ስከፍትላቸው፣ ማንም ሳይነቀንቀው የከረመው ቁራጭ አዲስ ቅጠል፣ በቅጠሉም ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማሰሮ አውጥቶ ነበር። ወንድሜም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው የባለቤታቸውን የቁልምጫ ስም ጠሩ።

ወንድሜ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸውን፣ አማቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔንና ያቺን ባለ ማሰሮ ተክል ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከናፈቋቸው ባለቤታቸው ጎን ያሳርፍልን።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬአለሁ። ማንም አልነቀነቀውም ያልኩት ቁራጭ አንድ ጊዜ ተነቅንቋል፤ ለካ ሌላ ቁልፍ ነበራቸው። ሳብ ቢያደርጉት፣ ሥር ይዞ ኖሮ አልነቀልም ብሎ ቀረ፤ ይህንንም ያወቅሁት እኔ ቤት መጥተው፣ ውሃውን ከፍተው፣ ሳይታጠቡ እያለቀሱ ሲነግሩኝ ነው።