ውሃ ጭኜ ከኋላቸው

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ በመንደሩ ጋሽ ቦቴ የሚባሉ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የምልምል ወታደሮች ማሠልጠኛ የውሃ ቦቴ ሾፌር
አድራሻ፦ ከማሠልጠኛው በር ፊት ለፊት፣ ከጎሚስታው ጀርባ
ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት፤ ምስክሩ ሳይጠሩ በራሳቸው ፈቃድ ቀርበው

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ሾፌር፣ ባለፈው ሐሙስ በእግር ጉዞ ልምምድ ላይ ወድቆ ቅዳሜ ሆስፒታል ውስጥ ስለሞተው ምልምል ያየሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ሟቹን ጓደኞቹ ሳቂታው ይሉት ነበር። የእኔ የመጨረሻ ልጅም በዚያው ሻምበል ውስጥ ይሠለጥናል። ይህ አስቀድሞ እንዲጻፍልኝ የጠየቅሁት በኋላ የማስረዳው ነገር ከእሱ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቦቴውን ሞልቼ ሰልፉን ከኋላ ተከተልኩ። ሥራዬ ጉዞው ዳገቱ አናት ላይ ሲያልቅ ውሃ ማደል ነው። አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ እሱ ሳያዝ ቧንቧ እንዳልከፍት ነግሮኛል። ልጆቹ ፊት ፊቴ በፀሐይ እየነደዱ ይሄዳሉ፣ እኔ ሙሉ ውሃ ጭኜ እከተላለሁ። እንዲህ ያለውን እንጀራ ለጠላትም አይስጥ።

በማሠልጠኛው አንድ ደንብ አለ። ጎዶሎ ኮዳ በእርምጃ ጊዜ ይንቦጫረቃል፤ ድምፁም ወታደርን ለጠላት ያጋልጣል ይባላል። ስለዚህ ኮዳ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ መሆን አለበት። አንዴ የተጎነጨ ሰው እዚያው ይጨርሰዋል፣ ካልሆነም ይደፋዋል። ምልምሎቹ ይህን ፈርተው ውሃ ተሸክመው ይጠማሉ። ደንቡ ለጦር ሜዳ ይበጅ ይሆናል፤ እኔ ሾፌር ነኝ፣ አላውቅም። ግን እዚያ ዳገት ላይ እንኳን ጠላት ወፍም አልነበረም።

አጋማሽ ላይ ስንደርስ ሳቂታው ተጎነጨ። መስኮቴ ክፍት ስለነበር ሃምሳ አለቃው “ማነው የሚንቦጫረቀው?” ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ልጁ “ሆዴ ነው፣ ጌታዬ” አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሃምሳ አለቃው ግን “ድፋው” አለ። ልጁ ኮዳውን ዘቅዝቆ ደፋው። ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። እግሩ መተሳሰር ሲጀምር ደጋግሜ ክላክስ አደረግሁ። ሃምሳ አለቃው ዞር ብሎ በእጁ “ቆይ” አለኝ፤ ቆየሁ። ልጁ ጥቂት እንደሄደ በግንባሩ ተደፋ። ያን ጊዜ ሳልታዘዝ ቧንቧውን ከፍቼ በጣሳ ይዤ ሮጥኩ። አፉ ውስጥ ባፈስም በጉንጩ ወረደ እንጂ አልዋጠውም። ላቡ ደርቆ ቆዳው ይፋጅ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃው ቤቴ መጣ። ከዚያ በፊት ደጄን ረግጦት አያውቅም። ቦቴው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ውሃው እንደዘገየ ሪፖርት ማድረጉን፣ እኔም ስጠየቅ ያንኑ እንድል ነገረኝ። “ጋሼ፣ ያረጀ መኪና ነው፤ ማን ይፈርድብዎታል?” አለ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ “ልጅዎ ጎበዝ ነው፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቅልም” አለኝ። ባለቤቴ የያዘችውን ቢላዋ ከነሽንኩርቱ አስቀምጣ ቁጭ አለች። “መኪና እናት የለውም፤ ተበላሸ በል” አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ቦቴዋ አሮጊት ናት፣ ዳገት ስታይ ያስላታል፤ ሐሙስ ዕለት ግን አንዴም ሳትቆም ነው የወጣችው። ይህን እያወቅሁ እሺ አልኩ። ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ የሟች አባት የልጁን አስከሬን ሊረከብ ሲመጣ ለማስተዛዘን ሆስፒታል ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ነው፤ መርዶው ከሥራ ላይ ስላስነሳው መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አላወረደም ነበር። ሁለት እጄን ይዞ “ልጄን ውሃ ያጠጡት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ጥሙን ቆርጦ ሄደልኝ፤ ውለታዎን እግዜር ይክፈልዎት” አለኝ። ጎንበስ ብሎ እጄን ሊስም ሲል ቀና አደረግሁት። “አይዞዎት” ብቻ አልኩት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብያለሁ።

መኪናው አልተበላሸም፤ ውሃውም አልዘገየም፣ እዚያው ከኋላቸው ነበር። ልጄ ዛሬም በዚሁ ሃምሳ አለቃ ሥር ነው። ወሬ ክንፍ አለው፤ ቃሌ ቀድሞኝ ማሠልጠኛው ሳይደርስ ስለ ልጄ ደኅንነት ፖሊስ ጣቢያው ዛሬውኑ እንዲጠይቅልኝ አመለክታለሁ። መርማሪው ሌላ የምጨምረው እንዳለ ጠየቁኝ። አንድ አለ። ይህ ቃል ለልብስ ሰፊው ይነበብለት። ልጁ ውሃ አልጠጣም። እኔ ፊቱን እያየሁ ልነግረው አልቻልኩም።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ ያልሆነ ነገር አላስጻፍኩም፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________