ግማሽ ዘፈን

ልጅቷ ወዴት ልትሄድ አስባ ነው?

አያትየዋ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምረው ሲያገላብጡት ቢቆዩም መልስ አላገኙለትም። የልጅ ልጃቸውን የትምህርት ቤት ቦርሳ ሊያጥቡ ሲያራግፉ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ወደቀች። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋልና ማንበብ አያቅታቸውም፤ መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቧት።

በሩን ቀስ አድርጌ ልከፍተው ነው ዛሬ፣
ጫማዬን በእጄ፣ ድምፄን ውስጤ አስሬ፣
ወዴት ነው ሳትይኝ፣ መቼ ነው ሳትይኝ፣
አንድ ቀን መንገዱ ብቻዬን ያግኘኝ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላቸው።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአፏ ቃል የምትወጣው በስንት ልመና ስለሆነ ቤትም ሰፈርም ትምህርት ቤትም «ጭምቷ» ይሏታል። እናቷ በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ስለምትኖር ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። አያትየዋ ደግሞ ስጋት የማያጣቸው ሰው ናቸው፤ ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ሳያዩ አይተኙም፣ ልጅቷም «ወዴት ነው? ከማን ጋር? መቼ ትመለሻለሽ? ሹራብሽን ያዝሽ ወይ?» ሳትባል ከደጃፉ አልፋ አታውቅም።

ታዲያ ባለፉት ሦስት ወራት ጭምቷ በትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ክፍል ገብታ በጊታር ዘፈን መድረስ ትማር ጀመር። የመኝታ ቤቷን በር መዝጋት አመጣች። የግራ እጇ ጣቶች ጫፋቸው ጠነከረ። አሁን ደግሞ በሁለተኛው መንፈቅ እንድትቀጥል የአሳዳጊ ፊርማ የሚጠይቅ ቅጽ ይዛ መጣች፤ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። አያትየዋ ቅጹን ሳይፈርሙበት፣ ወረቀቷን ከላዩ አድርገው፣ ልጅቷን ከዚያ ክፍል ሊያስወጡ ወደ ርዕሰ መምህሩ ለመሄድ ተነሡ። መንገዳቸው ላይ ባለው ጤና ጣቢያ የደም ግፊታቸውን ለመለካት ጎራ አሉ።

በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ አባቱን ወደ ሐኪም አስገብቶ የሚጠብቅ ወጣት ተቀምጦ ነበር። የያዘውን ጋዜጣ ሲገልጥ የግራ እጁን ጣቶች አዩ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጣትህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ፣ እማማ። የጊታር ክር ነው ያጠነከረው።»

«የኔም ልጅ እንዲሁ ሆናለች። ቅባት ብቀባት ብቀባት አልለቅ አለ።»

«ኧረ አይቀቧት። ስንት ወር ለፍተን ያመጣነውን ሊያጠፉብን ነው እንዴ?»

አያትየዋ አልሳቁም። «ለፍተን ያልከው፣ አንተ ምን አገባህ?»

«እዚህ ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ነኝ።»

አያትየዋ ሻርፓቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ። «እንግዲያውስ እርስዎን ነው ልከስ የወጣሁት።»

«ይክሰሱኝ፤ ግን አንተ እያሉ ይክሰሱኝ። ቅድም ልጄ ብለውኝ አልነበር?»

«ቅድም መምህር መሆንዎን አላወቅሁማ።» ሆኖም እርስዎ እያሉ መቆጣት አልመች ስላላቸው ወዲያው ወደ አንተ ተመለሱ። «እሺ፣ ስማኝ። ልጄን ለሒሳብና ለሳይንስ ነው የላክኋት። ዘፈን ለዘፋኝ ነው። እሷ ነገ ሐኪም ትሆናለች፣ ነርስ ትሆናለች። ጊታር ምን ይሠራላታል?»

«እርስዎ አሁን ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ምን እንዲያደርግልዎ ይፈልጋሉ?»

«እንዲያክመኝ ነዋ።»

«ከማከሙ በፊትስ?»

«እንዲሰማኝ። ያለፈው አፌን ሳልከፍት መድኃኒት ጽፎ ሸኘኝ።»

«በኔ ክፍል የመጀመሪያው ወር ሥራ መስማት ብቻ ነው። አንዱ ሲጫወት ሌላው እጁን አጣጥፎ ይሰማል። ይህን የተማረ ልጅ ነገ ሐኪም ቢሆን ይጎዳል?»

«አፍህ ይችላል» አሉ አያትየዋ። «ይህንንስ ምን ትለዋለህ?» ወረቀቷን ዘርግተው ሰጡት። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል ያሳደግኋት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ ልትጠፋብኝ ነው። ቤት ጥሎ መሄድን ነው የምታስተምሯቸው?»

መምህሩ ወረቀቷን አየና ሳያነባት መልሶ አጠፋት። ጽሕፈቱን አውቆታል።

«እማማ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ነገር አታዙርብኝ። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ።»

«ጨርቁ ሲመጣልዎ ወዲያው ወደ ስፌት መኪናው ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ? ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይወሰወሳል። ልጁ ይሞክረዋል። ካልሆነው ይፈታና እንደገና ነው።»

«መፍታቱ አያናድድዎትም ነበር?»

«ጀማሪ እያለሁ አለቅስ ነበር። ኋላ ግን ለመድኩት። መፍታት የማይችል ሰፊ አይባልም።»

«ጭምቷም እሱን ነው እየተማረች ያለችው። ቃሉን ትለካለች፣ የተረፈውን ትቆርጣለች፣ በጊታሩ ትሞክረዋለች፣ ካልሆነ ትፈታዋለች። ይቺን አራት መስመር ስንት ጊዜ እንደጻፈቻት ያውቃሉ? አሥራ አንድ ጊዜ። ባለፈው ዓመት አንድ ጥያቄ ሲከብዳት ደብተሯን የምትዘጋ ልጅ ነበረች አሉ።»

አያትየዋ ይህን አልካዱም። ሒሳብ ሲያቅታት ደብተሩን ከአልጋ ሥር ስትደብቀው ራሳቸው አግኝተውታል።

«እሺ፣ ተሰፋ እንበል። የተሰፋው ግን የመጥፋት ልብስ ነው።»

«ልብስ አይደለም፤ እጅጌ ብቻ ነው። በክፍላችን ስንኙ በአንድ ወረቀት፣ አዝማቹ በሌላ ወረቀት ነው የሚጻፈው። ስንኙን ቤት ወስደው ይለማመዱታል፤ አዝማቹ ዜማው እስኪገኝለት ክፍል ውስጥ ይቆያል። እርስዎ ያገኙት ግማሹን ነው።»

«የቀረው ምን ይላል?»

«እሱን እኔ አልነግርዎትም። የእሷ ነው። ዛሬ ይዛው እንድትመጣ አደርጋለሁ፤ ቅጹንም እስከ ነገ ጠዋት እጠብቅዎታለሁ። እርስዎ ግን አስቀድመው ወረቀቷን ማንበብዎን ይንገሯት።»

«ብትቆጣስ?»

«ትቆጣለች።»

ነርሷ ተራቸው ደርሶ ጠራቻቸው። ለክታ «ግፊትዎ ትንሽ ከፍ ብሏል» ብትላቸው፣ «ከፍ ያደረገው ውጭ ተቀምጧል» አሏት።

ሰው ሁሉ ግማሽ ነገር ይዞ ሙሉ ፍርድ መስጠት ይቀናዋል። በተለይ የሚወድ ሰው ይቸኩላል፤ ፍርሃቱ ከዓይኑ ቀድሞ ያነብለታል። አያትየዋ ይህን እያወቁ እንኳ ከሰዓት በኋላውን ከመስኮቱ ሳይነሡ ነው ያሳለፉት።

ጭምቷ ጊታሯን በጀርባዋ አዝላ ስትገባ ቀድመዋት ተናገሩ። «ወረቀትሽን አንብቤዋለሁ።»

«ቦርሳዬን በረበርሽ፣ እቴቴ?»

«ሳራግፈው ወደቀ።»

«ወድቆ ራሱን ዘረጋ?»

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ልጅቷ እንዲህ አፋጥጣ ጠይቃቸው አታውቅም። «አጥፍቻለሁ» አሉ አያትየዋ። «ፈራሁ። ጥለሽኝ የምትሄጂ መሰለኝ።»

ጭምቷ ቆማ አየቻቸው። ቁጣዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየና ለቀቀ። «የት እሄዳለሁ? የአውቶቡስ ትኬት እንኳ የምትቆርጪልኝ አንቺ ነሽ።» ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጊታሯን ጭኗ ላይ አደረገች። ክሩን ስትቃኝ አያትየዋ እንደታዘዘ ተማሪ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ስንኙን ዘፈነችው፤ ቀጥላም ሌላኛውን ወረቀት አውጥታ አዝማቹን ዘፈነች፣

ደጅ ላይ ስደርስ ግን ነፋሱ ሲመጣ፣
ሹራብሽን ያዝሽ ወይ የሚለኝ ሰው ሳጣ፣
በረደኝ፣ ተመለስኩ፣ ቆምኩኝ ከበሩ ሥር፣
ጠይቂኝ እቴቴ፣ ልንገርሽ ሁሉን ነገር።

ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁ። አያትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠርገውም ወዲያው አላጠለቁትም።

«ይህን ሁሉ ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?»

«በአፌ ስጀምረው ቃሉ ይጠፋብኛል። በጊታሩ ግን እየቆጠርኩ ስለምሄድ ይመጣል።»

አያትየዋ ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የሠላሳ ዓመት ልምዳቸው አላስቀምጥ አላቸው።

«የመጨረሻው መስመር እጅጌው አልረዘመም?»

«አንድ ቃል ተርፏል። መምህራችንም ብሎኛል፤ የትኛውን እንደምቆርጥ ነው ያጣሁት።»

አያትየዋ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ ለኩት። «‹ሁሉን› የሚለውን ቁረጪው።»

ጭምቷ ቀና አለች። «ልንገርሽ ነገር ብቻ?»

«ይበቃል። ሁሉን መንገር የለብሽም።»

ይህን ያሉት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉን ሲጠይቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ልጅቷ ቃሉን ሰረዘችው፤ ዘፈነችው፤ ልክ ሆነ።

አያትየዋ ቅጹን ፈረሙና ለልጃቸው፣ ለጭምቷ እናት፣ ደወሉላት። «ይኸውልሽ፣ ሙዚቃ ክፍል እንድትቀጥል ፈርሜያለሁ። አትቆጪ፣ ስሚኝ። ያበላሸችውን ፈትታ እንደገና መጀመር ተምራለች፤ ደብተር መደበቁ ቀርቷል። ሰው ሲናገር ትሰማለች። ቁጣዋንም ፍቅሯንም በልክ ቆርጣ ታወጣዋለች፤ እኔና አንቺ በዚህ ዕድሜያችን ያልቻልነውን። እኔም ብሆን ተምሬአለሁ፤ ምን እንደተማርኩ ስትመጪ እነግርሻለሁ። ጣቷን ግን አትቀቢያት።»

በማግስቱ ጠዋት ጭምቷ ጊታሯን አዝላ፣ የተፈረመውን ቅጽ ደብተሯ ውስጥ አስገብታ ወደ በሩ ሄደች። እንደ ልማዷ እጀታውን ይዛ ቆመች። አያትየዋ ጠረጴዛው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። «ወዴት» ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጡት። «መቼ» ተከተለ፤ እሱንም ዋጡት። ስለ ሹራቡ ያለው ጥያቄ ከሁሉም ባሰ፤ አንድ ጠጠር አንሥተው አገላብጠው አዩ።

ጭምቷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ዞር ብላ ወንበሩ ላይ የተጣለውን ሹራብ አነሣች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አያቷን አየቻቸው፣ በሩን ቀስ አድርጋ ከፍታ ወጣች።