እትዬ ብርቄን የገደለው መጽሐፍ

እኛ ጉልበት ባለን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሳንሱር የቀረ ሰሞን ማለቴ ነው፣ አገሩ ሁሉ ጋዜጣ ላሳትም ይል ነበር። የሚሸጠው ጋዜጣ ነዋ! እኔና ዘውዱ ግን ልብ ወለድ እናሳትማለን ብለን ተነሣን። ዘውዱ የአማርኛ አስተማሪ ነው፣ እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፣ እና ካዛንቺስ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየን። ክፍል አልኳችሁ እንጂ፣ በሩ ሲከፈት ጠረጴዛውን ይገፋዋል፤ እንግዳ ከመጣ አንዳችን መነሣት አለብን።

የመጀመሪያው መጽሐፋችን የሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ እዚያው ሰፈር የሚኖር፣ ለገሃር ቢሮ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ታሪኩ ስለ አንዲት ባለ ቡና ቤት ነው፤ ሴትየዋ ወደ መጨረሻው ትሞታለች። ታዲያ መጽሐፉ ወጣ፣ አዟሪዎች ከባምቢስ እስከ ለገሃር ይዘውት ዞሩ፣ እኛም ደስ ብሎን ቁጭ ብለናል።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ብርግድ! ጠረጴዛው ሆዴን መታኝ። እትዬ ብርቄ! እትዬ ብርቄ ማለት የሰፈራችን ባለ ቡና ቤት ናቸው፣ ቁመናቸው በሩን የሚሞላ፣ ጠጪ ሁሉ የሚፈራቸው። መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

«እኔን የገደለኝ የትኛችሁ ነው?» አሉ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ እትዬ» አለ ዘውዱ፣ ወንበሩን ለቆ።

«አልቀመጥም! ቡና ቤት ያላት፣ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ሰው ሁሉ እያየኝ ይንሾካሾካል። ትናንት ልጄ አነበበችልኝ፣ ሴትየዋ ስትሞት ‹በቃ ዝጊው!› አልኳት። ምን አደረግኳችሁ?»

እኔን ያስፈራኝ ቁጣቸው አይደለም፤ የድምፃቸው መንቀጥቀጥ ነው። ዘውዱ ደግሞ በጆሮዬ «የቀረውን ሰብስበን እናቃጥለው ይሆን?» ይለኛል። የመጀመሪያ መጽሐፋችንን እኮ ነው! እና ሙሉጌታን ከቢሮው አስጠራሁት። መጣ። ሲያያቸው አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም» አለ። «እናቴ ናት።»

እኔም እኮ አላውቅም ነበር! ለካ እናቱ ክፍለ ሀገር ቡና ቤት የነበራት ሴት ናት፣ ሰፈሩ ንቋት፣ ስትሞት ከእሱና ከቄሱ በቀር ቀብሯ ላይ ሰው አልተገኘም።

«ጥርሱን ግን ከእርስዎ ወሰድኩት» አለ፣ አፍሮ።

«ታዲያ አንዴ የሞተችውን ምነው እንደገና ገደልካት?»

«በወጉ ልቀብራት ብዬ ነው።»

እትዬ ብርቄ ይሄኔ ተቀመጡ። «አንብቢልኝ» አሉኝ። ያላስነበቡትን ምዕራፍ አነበብኩላቸው፤ ሰፈርተኛው ሱቁን ዘግቶ የሚወጣበት፣ ሰካራሞቹ ሳይቀሩ ሬሳዋን ለመሸከም የሚሻሙበት ነው። መሐል ላይ ዘውዱ ተቀብሎኝ ጨረሰው። እሳቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው፣

«እናትህ ማን ትባል ነበር?» አሉት።

«አሰገደች።»

«እንግዲህ ሰው ከጠየቀህ ብርቄ ናት በል። አሰገደችን ለራስህ ያዛት።»

ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል! መጽሐፉን ከመጠጡ ጋር መደርደሪያ ላይ ደርድረው ይሸጡልን ጀመር። ጠጪውን «የምሞትበት ገጽ ላይ ማንበብ እንዳታቆም፣ ቀብሬ ላይ ሳትደርስ ቢራ የለም!» ይሉታል። እሳቸውን ለማየት ከጎተራ ድረስ የሚመጣ አንባቢ ነበር፣ ታምናላችሁ? እኔ አሳታሚ የሆንኩት በዚያ ቀን ነው እላለሁ።

«ሁለተኛው መጽሐፍስ፣ እማማ? በእሱም የተቆጣ መጣ?»

ሁለተኛው? ውይ ልጄ! ሁለተኛውማ የዘውዱ ግጥም ነበር። ጠረጴዛውን ከበሩ ሸሸት አድርገን፣ ወንበር ጨምረን፣ የሚቆጣ ሰው ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ ማን ይምጣ! በዕድሜዬ እንደዚያ ዓመት ሰላም የሆነ ዓመት አላየሁም! *(ሳቅ)*