አየር የሚጠብቅ አማች

ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ዝናቡ ቶሎ ገባ፣ ቶሎም ወጣ። ኅዳር ተጋምሶ እንኳ ሙቀቱ አልቀነሰም። ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ አያ ፈረደ። እግርዎ ተሻለዎት? ከብቶቹስ ውሃ አላጡም?

ሦስት ሆናችሁ ስትመጡ ከማዶ አይቻችሁ ነበር። ሁለቱ ሽማግሎች የት ቀሩ? … ባየልኝን ጥርሱን አመመው? ይስማውም በሬ ጠፋው? እግዜር ይሁናቸው። አጎት መሆን ግን ክፉ ነው፤ አጎት ጥርሱን ቢያመውም መመለሻ የለውም።

ለልጄ ለእፀገነት እንደ መጡ ገብቶኛል። ስለ ልጁ ሊነግሩኝ አይድከሙ። የወንድምዎ ልጅ ነው፣ ለማመስገን ያፍራሉ። እኔ ላመስግነው።

እሱ ባይኖር አየራችን ምን ይሆን ነበር? ያስታውሱ የለ እንዴት እንደ ነበርን። የኛ ኔትወርክ ከገንዳ ውሃ ከተማ ተነሥቶ ወንዙ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል። የሱዳኑ ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል። እሱም የሚገኘው ኮረብታው ላይ፣ ግንዱ ላይ በቸነከርናት ጣሳ ውስጥ ብቻ ነበር። ስልኩን ከጣሳዋ ያወጡት እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ስልኩን እዚያው ትቶ፣ ድምፁን ከፍቶ፣ ቆሞ ይጮኻል። ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረንም። የኛው አለበል ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ደውሎ ያኮረፈች ሚስቱን ሲለማመጥ ግማሹ መንደር ቆሞ ሰምቷል። የገዳሪፉ ነጋዴ ሐሚድም "ሰምሰም ዛሬ ጨምሯል" ሲል፣ ሰሊጥ ማለቱ ነው፣ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይሰማ ነበር። የገንዳ ውሃ ነጋዴ ሰሊጣችንን የሚገዛው የገዳሪፍን ዋጋ እያየ ነው፤ እኛም ያንኑ ሰምተን ነበር የምንሸጥ። ሁሉ እኩል የሚሰማበት ገበያ… ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም?

ኋላ ስብሰባ ተጠራን። ከከተማ የመጡት ሰው፣ ሞገድ የሀገር ሀብት ነው፤ ለየአገሩ ድርሻ ድርሻው ተመትሮለታል፤ የጎረቤት ሞገድ መጠቀም ክልክል ነው አሉን። እኔ አልተከራከርኩም። ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። መሬት ጠረፍ ካለው አየርም ይኑረው። ግን ሕግ ያለ ጠባቂ ምን ያደርጋል? ጠባቂውም ከኛው መንደር ተገኘ፤ የወንድምዎ ልጅ። ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። የኛ ሰው ግን በሚያውቁት አገር ተነጠፈለት… እንዲህ ያለ ክብር ለማን ደርሶ ያውቃል?

ትጋቱስ? የሱዳን ሲም ከየቤቱ ለቀመ፤ የኔንም ወሰደ። ጣሳዋን ነቀላት። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻውን ኮረብታው ላይ ይወጣል። "የሱዳን ሞገድ መቅረት አለመቅረቱን ልለካ ነው" ይላል። በምን ይለካል? በሱዳን ሲም ነዋ፤ በምን ይለካ ታዲያ? እባብ መኖሩን ለማወቅ ጉድጓድ ውስጥ እጁን የሚከት ሰው ስንት አለ? ለኛ ሲል እኮ ነው።

የሚገርመኝ መገጣጠሙ ነው። እሱ ሞገድ ለክቶ በወረደ ማግስት ሰሊጥ ነጋዴው ጓደኛው መኪናውን አስነሥቶ ይመጣል። ይመጣና "ሰሊጥ ወድቋል፣ ሳይብስ ሽጡልኝ" ይለናል። እንዴት ያለ አዛኝ ነው? ባንቺአየሁ ባሏን በክረምት ቀብራ፣ ከልጆቿ ጋር ራሷ አጭዳ ያስገባችውን ሰሊጥ አንድ ጆንያ ሳታስቀር ሰጠችው። ከገዳሪፍ የተመለሱ አጫጆች እውነተኛውን ዋጋ ሲነግሯት አልጮኸችም። ያለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ይኸው የወንድምዎ ልጅ በዚያ ሲያልፍ አያት። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። እሱ ግን "ገበያ እንዲህ ነው እናቴ" ብሎ እጇን ይዞ አነሣት። ትሕትናውን በዓይኔ አየሁ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። … ይህ ልጅ እንኳ የሚቆጨው ነገር አይኖርም።

ቤቱንም አይተነዋል። እኛ ስናርስ ኖረን ሣር ቤት አለን። እሱ አየር ጠብቆ በአንድ መኸር ቆርቆሮ ቤት ሠራ። አየር ባዶ ነው ያለው ማን ነበር?

ደግሞ ለኔ ያለው ፍቅር። የኔ ሰሊጥ ገና አልተሸጠም፤ እሱም ያውቃል። "ለአማቴ ዋጋ አልደብቅም" ብሎ ልኮብኛል። ይህን መልእክት እርስዎ አልሰሙም ነበር? … እንዳይሰማ ተጠንቅቆ ይሆናል። ልጄን ብሰጠው እንግዲህ ጎረቤቶቼ ሁሉ የማያውቁትን ዋጋ እኔ ብቻ ሳውቅ ልኖር ነው። ከዚህ የበለጠ ጥሎሽ ማን ያመጣል?

አሰብኩበት። ልጅቷንም ጠየቅኋት። "ባንቺአየሁን ሲያነሣት እኔም ነበርኩ" አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። በኔ ወጥታለች፣ ወሬ አታበዛም።

ስለዚህ ቀጠሮ አልሰጥዎትም አያ ፈረደ፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገሩ ላልለየለት ነው። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሰሊጤን ለጎንደር በመኪና ጫንኩ። እፀገነትንም ጋቢና አስቀምጬ ጎንደር ካለችው እህቴ ዘንድ ሰደድኋት፤ እዚያ ሆና ትማር። ለባንቺአየሁም የከርሞ ዘር ከራሴ ለይቼ ሰጠኋት። ጓደኛው መኪናውን ይዞ ቢመጣ እኔ ዘንድ የሚጭነው የለም።

እርስዎን ግን ባዶዎን አልሸኝም፤ ምርቃት ይውሰዱለት። እግዚአብሔር መልካም ትዳር ይስጠው። እሱ ለኛ እንዳሰበልን የምታስብለት ሚስት ያምጣለት። ዕድሜውን ያርዝመው፤ ዘሩን ያብዛለት። ሲያረጅም፣ ጆሮው ሲከብድ፣ ዓይኑ ሲፈዝ፣ እጁን ይዞ የሚያነሣው… ቁርጥ እሱን የመሰለ ልጅ ይጡረው።

አሜን ይበሉ እንጂ።